ዋጋው ወይስ ሰውየው? ቤት የሚሠራልንን ስንመርጥ

ቤት ለማሠራት የተነሣ ሰው ከዘመድም ከወዳጅም ሁለት ምክር አያጣም። አንደኛው፣ «ሦስት አራት ተቋራጭ ጠይቅ፤ ዋጋ አወዳድር፤ ዝቅ ያለውን ያዝ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ «ዋጋውን ተወው፤ የሚታመን ሰው ፈልግ» ይላል። ሁለቱም መካሪዎች የሚናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሁለቱም ማስረጃ የሚሆን ታሪክ አያጡም። የመጀመሪያው በዝቅተኛ ዋጋ አስጨርሶ ዛሬ ቤቱ ውስጥ በሰላም የሚኖረውን ጎረቤቱን ይጠቅሳል። ሁለተኛው ቀብድ ተቀብሎ የጠፋውን፣ መሠረት አውጥቶ ሥራውን ጥሎ የሄደውን፣ ጣሪያው በመጀመሪያው ክረምት ያፈሰሰበትን ይቆጥራል።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ለአብዛኛው ቤተሰብ ቤት በዕድሜው አንድ ጊዜ የሚያወጣው ትልቁ ወጪ ነው። የዓመታት ዕቁብ፣ የባንክ ብድር፣ ቤሩት ወይም ሪያድ በሰው ቤት ተሠርቶ የተላከ ደመወዝ፣ ዋሽንግተን በሁለት ፈረቃ የተገኘ ዶላር ሁሉ ተጠራቅሞ የሚገባው እዚያ ነው። ፀጉር አስተካካይ ስንመርጥ ብንሳሳት በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ዘንድ እንሄዳለን። ቤት ሠሪ ስንመርጥ የሠራነው ስሕተት ግን አብሮን ይኖራል፤ ለልጅም ይተላለፋል። ስለዚህ አንዱን ወገን ብልህ፣ ሌላውን ሞኝ አድርጎ ከመፍረድ በፊት የሁለቱንም ቃል አድምጦ መጨረስ ይገባል።

ከዋጋው ወገን እንጀምር። ዝቅተኛ ዋጋ የመረጠን ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ መተረት የተለመደ ነው። ተረቱ የሚያሸንፈው ግን ሌላ አማራጭ የነበረውን ሰው ብቻ ነው። ብዙ ሰው አማራጭ የለውም። 5 ሚሊዮን ብር ያለው ሰው 7 ሚሊዮን የጠየቀውን ተቋራጭ ልቡ ቢያምነው እንኳ ሊቀጥረው አይችልም፤ ያለው ምርጫ ርካሹን መያዝ ወይም መጠበቅ ነው። መጠበቅም በነፃ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፌሮ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ሴራሚክ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ወይ እንዳለ ከውጭ ይገባል፣ ወይ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣል። «ትንሽ ልጨምርና ደህና ሰው ልያዝ» ብሎ አንድ ዓመት የቆየ ሰው የጨመረው ገንዘብ የራቀውን ዋጋ ላይደርስበት ይችላል። በዚያ ዓመት ቀድሞ በርካሽ የጀመረው ጎረቤቱ ቢያንስ ጣሪያ አልብሷል።

ሁለተኛው የዋጋው ወገን ክርክር ስለ ፍትሕ ነው። የታመነ ስም በአንድ ቀን አይገኝም። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ የመጀመሪያ ፈቃዱን ያወጣ ወጣት መሐንዲስ ወይም ለዓመታት በሌሎች ሥር ሠርቶ ራሱን የቻለ ፎርማን ስም ስለሌለው የሚያቀርበው ዋጋውን ነው። ትርፉን ቀንሶ ሥራ የሚያገኘው ስሙን ለመሥራት ነው። ሁላችንም «የታወቀ ሰው ብቻ» ብንል አዲስ ሰው መቼም አይታወቅም፤ የታወቁት ጥቂቶችም የፈለጉትን ዋጋ ይጠይቃሉ። አንዳንድ ጊዜ ዝቅተኛውን ዋጋ ያቀረበው ሰው ከሁሉ ይበልጥ የሚተጋው የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ያንተ ቤት ለሚቀጥለው ደንበኛ የሚያሳየው የመጀመሪያ ሥራው ነውና።

ሦስተኛው ክርክር ዋጋ ቁጥር መሆኑ ነው። ቁጥር ይነጻጸራል፤ ይከራከሩበታል፤ በወረቀት ይሰፍራል። «ታማኝ ነው» የሚለው ምስክርነት ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው አፍ የመጣ ነው፤ ያ ሰው የተቋራጩ አማች ወይም ኮሚሽን የሚጠብቅ ደላላ ሊሆን ይችላል። መንግሥት በግዥ ሕጉ ዋጋን ትልቅ ቦታ የሰጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለዓመታት በተሠራበት በአዋጅ ቁጥር 649/2001 መሠረት የቴክኒክ መስፈርቱን ካሟሉት ተጫራቾች መካከል የሚመረጠው ተገምግሞ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነበር። ገምጋሚው ኮሚቴ «እገሌን አምነዋለሁ» ብሎ እንዲመርጥ ቢፈቀድለት፣ መተማመን የሚለው ቃል ለአድልዎ መሸሸጊያ መሆኑ አይቀርም።

እነዚህ ሦስት ክርክሮች ጠንካራ ናቸው። አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። ታማኝነት ስንል በትክክል ምን ማለታችን ነው? ቢያንስ አራት ነገር አለበት። ሠሪው በተባለው ቀን ይመጣል። የጀመረውን ይጨርሳል። ማንም ሳያየው ፕላኑ ያዘዘውን ይሠራል። ችግር ሲወጣ ስልኩን ያነሣል፣ ተመልሶም ያስተካክላል። ከአራቱ ሁለቱን፣ ማለትም መምጣቱንና መጨረሱን፣ ማንም አሠሪ በዓይኑ ያያቸዋል። ሦስተኛው የሚታየው ለባለሙያ ብቻ ነው፤ እሱም ለጥቂት ሰዓታት። አራተኛው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። ታማኝነትን ከዋጋ ጋር ማወዳደር የሚያስቸግረው ዋጋው ዛሬ በእጅ ላይ ያለ ቁጥር ሲሆን የታማኝነት ዋና ክፍል ግን የተሸሸገና የዘገየ በመሆኑ ነው።

የሶሌታ (የአርማታ ወለል) ሙሌት ቀን አንድ ግንባታ ቦታ የቆመ ሰው ይህን በደንብ ያየዋል። ሚክሰሩ ከጠዋት ጀምሮ ይጮኻል። አሸዋና ጠጠር በሳጥን እየተሰፈረ ይገባል፣ ሲሚንቶ ከረጢቱ እየተቀደደ ይገለበጣል፣ ባሬላ ተሸካሚዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በመወጣጫው ይመላለሳሉ። ረፋድ ላይ ድካም ሲገባ ፎርማኑ ወደ ባለቤቱ ዞር ይልና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ውሃ ካልጨመርንበት አይንቀሳቀስም» ይላል። ባለቤቱ ምን ያውቃል? «እናንተ ታውቃላችሁ» ይላል። ውሃው ሲጨመር አርማታው ይቀላል፣ ይፈሳል፣ ሥራው ይፈጥናል፤ ሠራተኛውም ደስ ይለዋል። ሲደርቅ ግን ያ ትርፍ ውሃ ተንኖ የተወው ቀዳዳ የአርማታውን ጥንካሬ ይሰርቃል። ከሰዓት በኋላ ሲሚንቶው እንዳያልቅ የሳጥኑ ቁጥር በአንድ ይዛነፋል። ማታ ሁሉም ሰው ቤቱ ሲገባ ሶሌታው ለጥ ብሎ፣ አምሮ ይታያል። በደንብ የተሠራውም ያልተሠራውም በዚያ ምሽት መልካቸው አንድ ነው።

ከዚያ በፊት ደግሞ ብረቱ አለ። ፕላኑ በኮለን (በአርማታ ምሰሶ) ላይ ስታፋ የሚባለው የብረት ቀለበት በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ይታሰር ካለ፣ 3 ሜትር ቁመት ያለው ኮለን 20 ያህል ስታፋ ይፈልጋል። በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ያሰረ ሰው በ12 ይወጣዋል። በአንድ ኮለን ስምንት ስታፋ ትንሽ ይመስላል፤ 20 ኮለን ባለው ቤት 160 ስታፋ፣ ከነማጠፊያውና ከነማሰሪያው የሰው ጉልበት ጋር ነው። ባለ 14 ሚሊ ሜትር ፌሮ በባለ 12 ቢተካም እንደዚያው ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ላላስቀመጠ ሰው ልዩነቱ ለዓይን አይታይም፤ ጭነት የሚሸከመው የብረት ስፋት ግን ከሩብ በላይ ይቀንሳል። አርማታው ከተሞላ በኋላ ይህን የሚያውቀው ያሰረው ፌራዮ ብቻ ነው። ከዚያ ውሃ ማጠጣት ይከተላል። አርማታ ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ውሃ በቦቴ በሚገዛበት ሰፈር በሦስተኛው ቀን ማጠጣቱን የተወ ሰው የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ የሚያሳጣው ግን ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው ጉድለት ቤቱ ቆሞ እያለ ላይታወቅ ይችላል፤ የሚታወቀው በፈተና ቀን ነው። አገራችን ደግሞ በስምጥ ሸለቆው ምክንያት ያ ቀን ከማይመጣባቸው አገሮች አይደለችም። በ1953 በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ ክፉኛ ጎድቷል። በታኅሣሥና በጥር 2017 በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከታተሉት መንቀጥቀጦች የአካባቢውን ሕዝብ ከቀዬው አፈናቅለዋል፤ አዲስ አበባም ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰው እኩለ ሌሊት ልጆቹን ይዞ እንዲወጣ አድርገዋል። ያን ሌሊት በደረጃ የወረደ ሰው በተቋራጩ ዋጋ ላይ ያገኘውን ቅናሽ አያስብም። የሚያስበው ኮለኑ ውስጥ ያለውን ብረት ነው።

እንግዲህ ታማኝነት አሸነፈ ማለት ነው? አይደለም፤ ምክንያቱም እስካሁን «ውድ» እና «የታመነ» አንድ ናቸው ብለን የተስማማን አስመስለናል። አንድ አይደሉም። ውድ ዋጋ ከብዙ ነገር ይመጣል፦ ከቢሮ ኪራይ፣ ከመኪና፣ ከስም፣ አንዳንዴም «ይህ ሰውዬ ከውጭ የመጣ ነው፣ አይከራከርም» ከሚል ግምት። ስሙ ትልቅ የሆነው ተቋራጭ ሥራውን ከተቀበለ በኋላ ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል፤ ያኛውም ከሱ በታች ላለው ይሰጣል። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ የሚገኙት በርካሹ ዋጋ ይመጡ የነበሩት ያው ፌራዮ፣ ያው አናጢ፣ ያው ግንበኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ በመሐል የቀረው ገንዘብ ብቻ ይሆናል። ቤቱን የሚሠራው የድርጅቱ ስም አይደለም፤ በየቀኑ እዚያ የሚቆመው ፎርማን ነው። ስለዚህ ከፍ ያለ ዋጋ ከመክፈል በፊት «ሥራው ላይ የሚቆመው ማነው? በአንድ ጊዜ ስንት ቦታ ይዟል?» ብሎ መጠየቅ የስምን ዝና ከመስማት ይበልጣል።

ከዚህም ሌላ፣ ሁለት ዋጋዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ብዙ ጊዜ የሚነጻጸሩት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንበልና ለአንድ ጂ+1 ቤት አንዱ 6,000,000 ብር፣ ሌላው 7,200,000 ብር አቀረቡ። ልዩነቱ 1,200,000 ብር ነው፤ ያስደነግጣል። ሁለተኛው ፈቃድ ያለው፣ ደረሰኝ የሚቆርጥ ከሆነ ግን ዋጋው ውስጥ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ያ ሲወጣ የሥራው ዋጋ 6,260,000 ገደማ ነው። ከልዩነቱ ወደ 940,000 ብር የሚሆነው ወደ ተቋራጩ ኪስ የሚገባ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። ለአሠሪው ከኪሱ የሚወጣ መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን «ይኼኛው ስግብግብ ነው» የሚለው ፍርድ ይወድቃል። በተቃራኒው 6,000,000 ባለው ወረቀት ውስጥ ትርፍ አፈር ማስወገድ፣ የመወጣጫና የፎርም እንጨት ኪራይ፣ የውሃ፣ የጥበቃ ወጪ መኖር አለመኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ከሌሉ ዋጋው ዝቅ ያለው ሥራው ስለጎደለ ነው። ባለሙያዎች ቢኦኪው የሚሉት የሥራና የመጠን ዝርዝር በአንድ ሰው ተዘጋጅቶ ለሁሉም ተጫራች እኩል ካልተሰጠ በቀር ዋጋ አወዳደርኩ ማለት አይቻልም።

አሁን በተቀረው እውነተኛ ልዩነት ላይ ሒሳብ እንሥራ፤ ለታማኝነት የሚከራከረው ወገን ብዙ ጊዜ ይህን ሒሳብ ሳይሠራ ነውና «ርካሽ ሁልጊዜ ውድ ነው» የሚለው። በዚያው ምሳሌ፣ ልዩነቱ ሙሉው 1,200,000 ብር ነው እንበል። ርካሹ ሠሪ ስምንት ወር ቢያዘገይና ቤተሰቡ በወር 25,000 ብር ኪራይ ቢከፍል 200,000 ብር ነው። በዚያ ጊዜ 3,000,000 ብር የሚያወጣው ቀሪ ሥራ በ20 በመቶ ቢወደድና ጭማሪው በአሠሪው ላይ ቢወድቅ 600,000 ብር ይሆናል። ድምሩ 800,000 ነው፤ አሁንም ከልዩነቱ ያነሰ። ማለትም መዘግየትና የዋጋ ንረት ተደምረው እንኳ ርካሹን ምርጫ ላያከስሩት ይችላሉ። ሚዛኑ የሚገለበጠው ፈርሶ የሚሠራ ነገር ሲመጣ ነው፦ ሶሌታ ሲሰነጠቅ፣ ኮለን ሲጠናከር፣ የፍሳሽ መስመር ወለል ተቆፍሮ ሲታደስ። የሚያስፈራው አደጋ እንግዲህ መዘግየቱ አይደለም፤ የተሸሸገው ሥራ መበላሸቱ ነው። ይህ ለውሳኔያችን ትልቅ ፍንጭ ይሰጠናል።

ሕጉስ? በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለአሥር ዓመት ለሥራው መልካምነትና ጥንካሬ ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ቢያፈርስ እጥፉን እንዲመልስም ሕጉ ያዛል። በወረቀት ሲታይ ሕጉ ታማኝነትን ለርካሹም ለውዱም እኩል አድሏል። በተግባር ግን የአሥር ዓመቱ ዋስትና የሚጠቅመው ሰውየው በአሥር ዓመት ውስጥ የሚገኝ፣ ቢፈረድበትም የሚከፍለው ያለው ከሆነ ነው። ፈቃድ፣ ቋሚ አድራሻና የተጻፈ ውል የሌለው ሠሪ በሕግ ፊት ከተጠያቂነት ነፃ አይደለም፤ ግን አይገኝም። ለፈቃድና ለደረሰኝ የከፈልነው ተጨማሪ ገንዘብ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ነው፦ ነገ የምንጠይቀው ሰው እንዲኖረን።

ከፍርድ ቤት ሌላ የሰፈር ሕግም አለ። በአንድ ሰፈር የሚኖር፣ ባንድ እድር የታቀፈ፣ ሚስቱ ከሚስትህ ጋር በማኅበር የምትገናኝ ግንበኛ ሥራ አበላሽቶ አይጠፋም፤ ወዴት ይጠፋል? ሽማግሌ ይላክበታል፤ ነገሩ በለቅሶ ቤት ይነሣበታል። ብዙ ርካሽ ሥራ በሰላም የሚያልቀው ዋጋው ስላነሰ ወይም ሰውየው ልዩ ጨዋ ስለሆነ ሳይሆን በዚህ ዓይነት ትስስር ስለተያዘ ነው። ያው ሰው ከማያውቀው ሰፈር፣ ከማያውቀው አሠሪ ጋር ሲገናኝ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወዳጃችን «እኔ በርካሽ አሠርቼ ምንም አልሆንኩም» ሲለን፣ ሠሪውን የያዘው ምን እንደነበር መጠየቅ አለብን። ያ ማሰሪያ ለእኛ ከሌለ የሱ ዋጋ ለእኛ አይሠራም።

ውጭ አገር ላሉት ወገኖቻችን ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ሆኖ ቤት የሚያሠራ ሰው የሙሌቱን ቀን አያይም፤ የሚያየው በስልክ የተላከ ፎቶ ነው። ብዙዎቹ መፍትሔ የሚያደርጉት ወንድምን ወይም የአክስት ልጅን ነው። ዘመድ ርካሽ ነው፤ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ልብም ያርፍበታል። በደንብ የተወጡትም ብዙ ናቸው። ሆኖም ወንድም መሐንዲስ አይደለም፤ ውሃው ሲበዛ አያውቅም። ገንዘቡ ሲጎድል ደግሞ ተቋራጭን መክሰስ ይቻላል፤ ወንድምን መክሰስ ግን ቤተሰብ ማፍረስ ነው። እዚህ ላይ ዝቅተኛው ወጪ ያለ ጠያቂና ያለ ተጠያቂ ትልቁን ገንዘብ ማስቀመጥ ይሆናል። ዘመድ ለልብ፣ ባለሙያ ለሥራው ቢለዩ ለሁለቱም ይበጃል፤ ወንድም ገንዘቡን ይያዝ፣ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ደግሞ ክፍያው ከመውጣቱ በፊት ይፈርም።

ወደ መንግሥት ግዥ ልመለስ፤ የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚያ ነውና። መንግሥት ዝቅተኛ ዋጋ ሲመርጥ ዋጋውን ብቻውን አላቆመውም። አሸናፊው ከውሉ ዋጋ ከ10 በመቶ የማያንስ የውል ማስከበሪያ ዋስትና እንዲያስይዝ ይጠየቅ ነበር። ቅድሚያ ክፍያው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ያም በዋስትና እንዲሆን የግዥ መመሪያው ያዝ ነበር። ሥራው በአማካሪ መሐንዲስ ይታያል፤ ክፍያው በተለካ ሥራ ልክ ይፈጸማል፤ ከየክፍያውም ጥቂት በመቶ እስከ ርክክብ ተይዞ ይቆያል። ይህም ሁሉ ተደርጎ የመንግሥት ሥራ የሚጓተትበት ጊዜ አለ። እኛ ግለሰቦች ግን ከመንግሥት የቀዳነው ዝቅተኛ ዋጋ መምረጡን ብቻ ነው። ዋስትና አንጠይቅም። ግማሹን ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት እንሰጣለን። ተቆጣጣሪ መሐንዲስ መቅጠርን እንደ ቅንጦት እናያለን። ከዚያ ሥራው ሲበላሽ ዋጋውን እንወቅሳለን። ዋጋው ያለ ድጋፍ ነበር የቆመው።

ሌላውም ወገን እንዲሁ ነው። «የታመነ ሰው ይዣለሁ» ብሎ ሙሉ ገንዘቡን አስረክቦ ዓመት ሙሉ ያልጎበኘ ሰው ያለው እምነት ሳይሆን ተስፋ ነው። የታመነው ሰውም ሰው ነው፤ ይታመማል፣ ሌላ ትልቅ ሥራ ይመጣለታል፣ ፎርማኑ ይለቅበታል። ቁጥጥር ታማኙን አያስቀይመውም፤ እንዲያውም የሠራው ሥራ ምስክር ስለሚያገኝለት ይፈልገዋል። «አታምነኝም እንዴ ጋሼ?» ብሎ መለኪያን የሚሸሽ ሠሪ ግን ከዋጋው ይልቅ ይህ ቃሉ ሊያሳስበን ይገባል።

የኔ ድምዳሜ እንግዲህ ይህ ነው። ጥያቄው «ርካሽ ወይስ የታመነ» ተብሎ ለቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ መመለስ የለበትም፤ በየሥራው መከፈል አለበት። መለያውም ሁለት ጥያቄ ነው፦ ቢበላሽ ይታየኛል? ቢበላሽ ሳላፈርስ ይስተካከላል? ቀለም፣ የበርና የመስኮት ሥራ፣ አጥር፣ የግቢ ንጣፍ፣ ጂፕሰም ሁሉ ይታያሉ፤ ይስተካከላሉም። በእነዚህ ላይ ዋጋ ማወዳደር፣ አዲሱን ወጣት መሞከር፣ ዝቅ ያለውን መያዝ ብልህነት ነው፤ ስም የሌለውም ስሙን የሚያገኘው እንዲህ ነው። መሠረት፣ ኮለን፣ ሶሌታ፣ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፍ የኤሌክትሪክና የውሃ መስመር፣ የፍሳሽ ቱቦ ግን ከተሸፈኑ በኋላ አይታዩም፤ ሳይፈርስም አይስተካከሉም። እዚህ ላይ ልዩነቱን መክፈል ይገባል። የሚከፈለውም ለስም ሳይሆን ሥራው ላይ ለሚቆመው ሰውና ለሚቆጣጠረው ዓይን ነው። ርካሹን ተቋራጭ ለመያዝ የተገደደ ሰው እንኳ ካተረፈው ልዩነት ጥቂቱን ቀንሶ ብረቱ ሲታሰርና አርማታው ሲሞላ የሚገኝ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ ቢቀጥር፣ በዝቅተኛ ዋጋ ላይ መንግሥት የሚያቆመውን ድጋፍ በአቅሙ አቆመ ማለት ነው።

ታማኝነትንም ከወሬ ወደ ማስረጃ ማውረድ ይቻላል። ተቋራጩ ባለፈው ወር ያስረከበውን ቤት ማየት ብዙ አይጠቅምም፤ አዲስ ቀለም ሁሉን ይሸፍናል። ሦስት አራት ክረምት ያለፈበትን ቤት አሳየኝ በሉት። የመታጠቢያ ቤቱን ወለል፣ የጣሪያውን ጥግ፣ የበረንዳውን ሥር ተመልከቱ። ባለቤቱን «ችግር ገጥሞሽ ደውለሽለት ታውቂያለሽ? መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቀን ሠራተኞቹንም ቅዳሜ ማታ ደመወዛቸውን በጊዜው እንደሚያገኙ ጠይቁ፤ የሠራተኛውን ገንዘብ የሚያዘገይ ሰው ያንተንም ሥራ ያዘገያል። ብረታ ብረት የሚሸጥለትን ባለሱቅም ብትጠይቁ አይከፋም፤ ዱቤውን የሚከፍል ተቋራጭ ሥራውን ጥሎ የሚጠፋበት ምክንያት ያነሰ ነው። ከዚያ ክፍያውን በደረጃ ክፈሉ፦ መሠረት ሲያልቅ፣ ኮለን ሲቆም፣ ሶሌታ ሲሞላ፣ ጣሪያ ሲለብስ። ከሥራው ቀድሞ የሚሄድ ገንዘብ አይኑር። ውሉ ላይ የመዘግየት መቀጫና እስከ ርክክብ የሚያዝ ጥቂት በመቶ ይግባበት።

አቅሙ ከሁሉም በታች ለሆነው ሰውም ይህ መንገድ ይሠራል። ገንዘቡ ለሁለት ፎቅ በርካሽ ወይም ለአንድ ፎቅ በደንብ የሚበቃ ከሆነ፣ አንዱን ፎቅ በደንብ ይሥራ። ሴራሚኩና ጂፕሰሙ በሚቀጥለው ዓመት፣ በሚቀጥለው ዕቁብ ይመጣሉ፤ ሳይለሰን የሚኖርበት ቤት ብዙ ነው። ኮለን ውስጥ የጎደለ ብረት ግን በኋላ በሚገኝ ገንዘብ አይገባም። ገንዘብ ሲያንስ ቤቱን ማሳነስ ይሻላል እንጂ ኮለኑን ማቅጠን አይገባም።